ወግ አጥባቂው፣ ዘፋኞቹና እድራችን
(በአንድ የንባብ ማኅበር ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራንና ክቡራት፣ የማኅበሩ አባላት፣ በተለይም በዚህ ዝናብ ታክሲ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ሰብሳቢያችን ሲያስተዋውቁኝ «ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር» ብለው በጨዋነት አለፉኝ። ደጅ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ግን «ወግ አጥባቂ» ይላል። አንድ ወዳጄ አንብቦት «ምን ብታደርጋቸው ነው እንዲህ የሰደቡህ?» አለኝ። አልፈርድበትም። በእኛ ትውልድ ጆሮ ነገሩ ስድብ ነው። በወጣትነታችን «አድኃሪ» ከሚባለው ጋር ተጎራብቶ ይጠራ ነበር፤ አድኃሪ የተባለ ሰው ደግሞ በማግስቱ በሕይወት ለመገኘቱ ዋስትና አልነበረውም።

ዛሬ ስለ አንድ ወግ አጥባቂ ነው የምነግራችሁ። እንግሊዛዊ ነው፤ ሮጀር ስክሩተን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1944 ተወልዶ በጥር 2020 ያረፈ ፈላስፋ ነው። ስለ ፖለቲካ ጽፏል፣ ስለ ሙዚቃ ጽፏል፣ ስለ ሕንፃ ጽፏል፣ ስለ ወይን ጠጅና ስለ ቀበሮ አደን ሳይቀር ጽፏል። ሦስት ነገሮች አነሳለሁ፤ ፖለቲካን፣ ዘፈንና ጭፈራን፣ በመጨረሻም ቤትን። ፍልስፍናውስ የት አለ ብትሉኝ፣ ቤት ውስጥ ነው እላችኋለሁ።

የምለውን ግን አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ዝናቡ ቢበረታና ብትበታተኑ እንኳን ይህቺ ትያዝልኝ። ወግ አጥባቂነት የገዢዎች አሽከርነት አይደለም። እኛ ያልሠራናቸው፣ ለመሥራት ትውልድ የፈጁ፣ ለማፍረስ ግን አንድ ከሰዓት በኋላ የሚበቃቸው ነገሮች አሉ። ወግ አጥባቂ ማለት እነዚያን የሚጠብቅ ሰው ነው። በአገራችን እንዲህ የሚኖሩ ሚሊዮኖች ናቸው። ወጥቶ የሚሟገትላቸው ግን የለም።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ።

የስክሩተን አባት መምህር ነበር። የሌበር ፓርቲ ሰው፣ መኳንንትን በዓይኑ ማየት የማይፈልግ። ይኸው ሰው ታዲያ በሚኖርበት ከተማ አሮጌ ሕንፃዎች እንዳይፈርሱ ይሟገት ነበር። ልጁ ከአባቱ ጋር በፖለቲካ ተጣላ፤ የአሮጌ ነገር ፍቅርን ግን ከዚያው ቤት ይዞ ወጣ። ይህን የማነሳው፣ መጠበቅ የአንድ ፓርቲ ንብረት እንዳይመስለን ነው።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1968 ወጣቱ ስክሩተን ፓሪስ ነበር፤ ያውም ተማሪዎቹ ባመፁበት ሰፈር። ከመስኮቱ ሥር መኪና ይገለበጣል፣ መስታወት ይሰበራል፣ የመንገድ ድንጋይ እየተነቀለ ይወረወራል። አንዲት ጓደኛው ከዚያ ውሎ በደስታ ሰክራ መጣች። እርሱም ጠየቃት፤ እሺ፣ ይህን ሁሉ ካፈረሳችሁ በኋላ በምትኩ ምን ልትተክሉ ነው? ያቀረበችለት መልስ አንድ የፈላስፋ መጽሐፍ ነበር። በዚያች ሰዓት ከየትኛው ወገን እንደሆነ ባያውቅም፣ ከእነርሱ ወገን አለመሆኑን አወቀ።

እስኪ ልጠይቃችሁ። ይህ ጥያቄ እዚህ አዲስ አበባ አልተጠየቀም? ተጠይቋል። «እንዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በየስብሰባው ነበር፤ ያን ጊዜ እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ፣ አስታውሳለሁ። መልሱ መፈክር ነበር። «ያለ ምንም ደም፣ ኢትዮጵያ ትቅደም» ተባለ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን፣ ሦስት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ ስልሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን ገና ለቅመን አልጨረስንም።

አሁን ከመካከላችሁ አንዱ በልቡ የሚለውን እሰማለሁ፤ «መምህር፣ ታዲያ ምኑ ይጠበቅ ኖሯል? ከምርቱ እኩሌታውን ለባለርስት የሚሰፍረው ጭሰኛ ወግ ይጠበቅለት?» ጥያቄው የሚገባ ነው፣ አልሸሸውም። የወግ አጥባቂነት አባት የሚባለው ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1790 የፈረንሳይን አብዮት ሲተች፣ ራሱን የሚያሻሽልበት መንገድ የሌለው መንግሥት ራሱን የሚያቆይበትም መንገድ የለውም የሚል ሐሳብ ጽፏል። ይኸው በርክ ለአሜሪካ ቅኝ ነዋሪዎች ጥብቅና የቆመ ሰው ነው። ሕንድ ውስጥ በደል ፈጽሟል ያለውን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ዋረን ሄስቲንግስን ፓርላማ ፊት አቁሞ ለዓመታት ከስሶታል። ሰውየው በመጨረሻ ነፃ ወጣ፤ በርክ ግን አልተጸጸተም። ይህ የገዢ አሽከር ነው?

የእኛን ደግሞ ተመልከቱ። የጭሰኛና የባለርስትን ግንኙነት የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ለፓርላማው ቀርቦ ነበር። ሳይጸድቅ ቀረ። የተቀመጡት ባለርስቶች ናቸውና። እንግዲህ ዘውዱን የጣለው ተማሪው ብቻ ነው ትሉኛላችሁ? እኔ ያንን ረቂቅ መሳቢያ ውስጥ የቆለፉትን ሰዎች ከሁሉ አስቀድሜ እከስሳለሁ። ማሻሻል እምቢ ያለ ወግ አጥባቂ፣ ወጉን በገዛ እጁ ለአፍራሽ ያስረክባል።

ወደ ስክሩተን ልመለስ። ፓሪስ ላይ የሚያፈርሱትን አየ፤ ፕራግ ላይ ደግሞ የፈረሰበትን ሕዝብ አየ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ ግለሰብ መኖሪያ ቤት በድብቅ ትምህርት እንዲሰጥ ተጋብዞ ቼኮዝሎቫኪያ ገባ። ደረጃው ላይ ፖሊሶች ቆመዋል። ክፍሏ ግን ጢም ብላለች። ከዩኒቨርሲቲ የተባረሩ ምሁራን ናቸው፤ ቀን የማሞቂያ ምድጃ እየቆሰቆሱ፣ መስኮት እየወለወሉ ውለው ማታ ፍልስፍና ሊማሩ የመጡ። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መጻሕፍት በስውር የሚያስገባ፣ መምህራን የሚልክ ድርጅት አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1985 ብርኖ ከተማ ላይ ተይዞ ከአገር ተባረረ። የኋላ ኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ የቼክ ፕሬዚዳንት ቫስላቭ ሃቬል ሜዳሊያ ሸለመው።

ስለዚያች የታፈነች ክፍል ባነበብኩ ቁጥር የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ትዝ ይለኛል። ተቃራኒው ነበር፤ እነዚያ እንዳይሰበሰቡ ይከለከላሉ፣ እኛ ካልተሰበሰብን እንቀጣለን። በየሳምንቱ ካድሬው ስለ ተቃርኖ ሕግ ያስተምረናል። ፊት ለፊት የሚቀመጡ አንዲት እማማ ነበሩ፤ ጥጣቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። «እማማ፣ እንዝርቱን ያስቀምጡ» ይላቸዋል። እሺ ብለው ያስቀምጣሉ። ወደ ሰሌዳው ዞር ሲል ያነሳሉ። እንደገና ይዞራል፣ እንደገና ያስቀምጣሉ። ትምህርቱ አልቆ «ጥያቄ?» ሲል ልቃቂቱ ወፍሯል። በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ሠርተው የሚወጡት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሁለተኛው ነጥብ ዘፈንና ጭፈራ ነው። እዚህ ላይ ከስክሩተን ጋር ግማሽ መንገድ ሄጄ እለያያለሁ።

ሰውየው ሙዚቃ አዋቂ ነው፤ ፒያኖ ይጫወታል፣ ኦፔራም ደርሷል። የዘመኑን የፖፕ ዘፈን ግን አምርሮ ይተቸው ነበር። ከትችቱ አንዱ ፍርድ ቤት አደረሰው። ፔት ሾፕ ቦይስ የሚባሉት እንግሊዛውያን ዘፋኞች ሥራቸው በአብዛኛው የድምፅ መሐንዲሶች ነው ብሎ ስለጻፈ እ.ኤ.አ. በ1999 በስም ማጥፋት ከሰሱት። ካሳ ከፍሎ ወጣ። እኔ በዚህ ጉዳይ ለዘፋኞቹ እፈርዳለሁ፤ ሳታጣራ በሰው ሙያ አትፍረድ።

አንድ ሐሳቡ ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ስለ ጭፈራ ነው። ሰው ከሰው ጋር ይጨፍራል ወይስ ሰው ፊት ይጨፍራል? ይህ ነው ጥያቄው። በድሮው ጭፈራ ጓደኛህን ታየዋለህ፣ ትጠብቀዋለህ፣ ለእንቅስቃሴው መልስ ትሰጣለህ። በዛሬው የጭፈራ ቤት ግን እያንዳንዱ ብቻውን፣ ለራሱ፣ በጨለማ ይወዛወዛል ይላል። ይህን ሳነብ ሳቅሁ። ምነው ይህን ሰው አንድ ቀን እስክስታ ባሳየነው! ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ በትከሻው ይጠይቃል፣ ሌላው በትከሻው ይመልሳል። አንገት ይሰበቃል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጠማል፣ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ይከተለዋል። መልስ የማይሰጥ ሰው እስክስታ ወረደ አይባልም። ስክሩተን ያጣነው ብሎ የሚያለቅስለት ነገር እኛ ዘንድ በየሰርጉ አለ!

አለ ወይ? እስኪ ሰርጋችንን እንየው።

በቅርቡ የአንዲት ዘመዴ ሰርግ ላይ ነበርኩ፤ በአንድ ሆቴል አዳራሽ። ድምፅ ማጉያዎቹ ቁም ሣጥን ያክላሉ። ጎኔ የተቀመጠውን የልጅነት ጓደኛዬን «ልጆችህ እንዴት ናቸው?» ለማለት ጆሮው ውስጥ መጮህ ነበረብኝ፤ የሰጠኝ መልስ ስለ ዶሮ ወጡ ነበር። መብራቱ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ ይሽከረከራል። ከዚያ የሙሽራዋ አያት ሊመርቁ ተነሱ። ዘጠና ዓመት የተጠጉ ሰው ናቸው፤ ሁለት ወጣቶች በብብታቸው ይዘዋቸዋል። ሙዚቃ አጫዋቹ «ዝቅ አድርግ» ሲባል ዝቅ አደረገ፤ ግን አላጠፋም። ሽማግሌው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፃቸው አይሰማም። እኛ ምን አደረግን? እጃቸውን ዓየን። እጃቸው ከፍ ሲል «አሜን» እንላለን፤ ከፍ ሲል «አሜን» እንላለን። ምን ተብሎ እንደተመረቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ውለዱ ክበዱ ብለው ይሆናል። ሙዚቃውን አጥፉ ብለውም ይሆናል።

ያዘንኩት በወጣቶቹ አይደለም፤ ሙዚቃ አጫዋቹን የቀጠርነው እኛ ነን። ሂሳቡንም የከፈልነው እኛ ነን። ዘፈን ሲሰሙት ዘፈን ነው፤ ዝምታን ለማባረር ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲለቀቅ ግን ማንም የማይሰማው ጩኸት ይሆናል። ታክሲ ውስጥ፣ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ባንክ ወረፋ ላይ። ስክሩተን እዚህ ላይ ልክ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።

የምለየው ግን እዚህ ጋር ነው። ከውጭ የመጣ፣ አዲስ የሆነ፣ ገበያ ያነገሠው ሁሉ ባህል አፍራሽ ነው ለሚሉ ወገኖች አንድ ታሪክ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ከእልቂት የተረፉ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» ተባሉ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ለቲያትር ቤቶቻችን ሙዚቃ ደከመ። ከዚያ ዘር ነው የክብር ዘበኛና የሌሎቹ ኦርኬስትራዎች ሙዚቃ የበቀለው። ጥላሁን ገሠሠ ከዚያ ወጣ። ሳክስፎን የአያቶቻችን መሣሪያ ነው? አይደለም። አምባሰልን በሳክስፎን ሲሰማ የማያለቅስ የአዲስ አበባ ሰው ግን አሳዩኝ!

ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለመንግሥት ተቋም ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምኃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ደፍሮ በራሱ ማሳተም ጀመረ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚሰማው ዘፈን ብዙው የተረፈው በእርሱ ድፍረት ነው። ጠባቂው ተቋም ሳይሆን ነጋዴው ጠበቀልን። ያን ሁሉ ያስቆመው ደግሞ ፖፕ አይደለም፤ የደርግ ሰዓት እላፊ ነው። ሌሊት መውጣት ሲከለከል የሌሊት ክበብ ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ቤት ነው። አጭር አደርገዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልችልም።

እንግሊዝ ውስጥ የሚሠሩ መኖሪያ ቤቶች እንዲያምሩ የሚመክር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ሲቋቋም ስክሩተንን ሰብሳቢ አደረጉት። በማግስቱ ዓመት አንድ መጽሔት ቃለ ምልልሱን ቆራርጦ አወጣበትና በሰዓታት ውስጥ ተባረረ፤ ሙሉ ቅጂው ሲገኝ መጽሔቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እርሱም ተመለሰ። የሚለው ነገር ቀላል ነው። ሰው የሚጠብቀው የወደደውን ነው፤ የሚወደውም የእኔ፣ የእኛ የሚለውን ነው። መንግሥት ከላይ የሚያዘው ጥበቃ ቤት አያቆምም።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ እንግሊዝ አልሄድም። አክስቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ቤቶች ነበሯት፤ አንዱን ለአንድ ጸሐፊ አከራይታለች። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ትጠራለች። ሰውየው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር ያጠብቃል፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ይደፍናል፣ ጠላውን ጠጥቶ ይሄዳል። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ላይ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ወጣ። ሰርቪሶቹ የቀበሌ ሆኑ። ጸሐፊው ኪራዩ ስለቀነሰለት ደስ አለው፤ ማን ይፈርድበታል? በነገራችን ላይ መቶ ቤት የነበራቸው ሰዎችም ነበሩና አዋጁን የወለደው ቁጣ ከሜዳ አልመጣም።

ከዚያስ? ጣሪያው ማፍሰስ ጀመረ። ጸሐፊው ለቀበሌ ማመልከቻ ጻፈ። በጀት የለም ተባለ። በራሴ ገንዘብ ልጠግን አለ። ያለ ፈቃድ አይቻልም ተባለ። አክስቴ እዚያው ግቢ፣ ጥቂት እርምጃ ርቃ ትኖራለች፤ ሬንጁ በጣሳ ተቀምጧል። መሰላሉ አለ። ቤቱ ግን የእርሷ አይደለም፣ የእርሱም አይደለም። ሁለት ጨዋ ሰዎች ቆመው ውኃው ግድግዳውን ሲበላው አዩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጸሐፊው አልጋው ላይ ባልዲ ያስቀምጥ ነበር። ግድግዳው ጭቃ ነውና አንድ ሌሊት ተናደ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልጎዳም። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ መልክ የፈረሰው ቤት ስንት እንደሆነ እስኪ ከእናንተ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደጋችሁ ንገሩኝ።

በዚያው ሰፈር ግን ያልፈረሰ ነገር ነበር። እድሩ! ንጉሡ ሄዱ፣ እድሩ አለ። ደርግ ሄደ፣ እድሩ አለ። ማለዳ ጥሩምባው ይነፋል፤ ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን እየጠራ ያልፋል። ቁርሳችንን ትተን እንወጣለን። የቀረ ይቀጣል። ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፣ ድስቱ ይጣዳል። ሟች ባለሥልጣን ይሁን ጥበቃ፣ ድንኳኑ ያው ነው።

እኔ የእድራችን ጸሐፊ ሆኜ አገልግያለሁ፤ በሕይወቴ የሰማሁት ከፍተኛው የፖለቲካ ክርክርም እዚያ የተደረገው ነው። ጉዳዩ ምን ነበር? አሮጌዎቹን የእንጨት አግዳሚዎች እንጠግን ወይስ የፕላስቲክ ወንበር እንግዛ? አንዱ ወገን አግዳሚ ላይ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አይሆንም አለ። ሌላው ወገን አሮጊቶች ወገባቸው ታመመ፣ መደገፊያ ይሻላል አለ። ተሰደብን፣ ተኳረፍን፣ ለሁለት እሑድ ተቀጠረ። በመጨረሻ እኩል በእኩል ሆነ፤ መደገፊያ ያላቸው ለሽማግሌዎች፣ አግዳሚው ለእኛ። በርክ ስለ ትናንሽ ማኅበራት የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ ቃለ ጉባኤያችንን አውጥቼ እንደገና አነበብኩት። ኅብረተሰብ ማለት በሕይወት ያሉት፣ የሞቱትና ገና ያልተወለዱት የሚጋሩት ሽርክና ነው ይላል ሰውየው። እኛ ያንን ሽርክና በወር መዋጮ እናንቀሳቅሰዋለን። ለሚሞተው ይከፈላል፣ የከፈለው ይሞታል፣ ልጁ በስሙ ይቀጥላል። ፍልስፍናው ይኸው ነው፤ የሚቀረኝ የግሪክ ስም ማውጣት ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ሲነሡ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እኔ የእነዚያን ቤቶች ሽንት ቤት አውቀዋለሁና ስለ ውበታቸው ግጥም አልጽፍም። መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል፤ ይኼም እውነት ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሰው ወደ ገላን፣ ወደ ሌላም ዳርቻ ሲበተን ምትክ ቤት ይሰጠዋል። ለእድሩ ምትክ የሚሰጠው ማነው? ከእዚያ ሰፈር የተነሡ አንዲት እናት፣ ወደ አዲሱ ፎቅ ከገቡ በኋላ እድራቸውን እንዳልለቀቁ ነግረውኛል። ሁለት ታክሲ ይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሰው ሲሞት በስልክ ይነገራቸዋል። «ከአዲሶቹ ጎረቤቶች ጋር አይመሠርቱም ወይ?» ብላቸው፣ «እነሱ ገና ስሜን አያውቁም፣ ማን ብለው ይቀብሩኛል?» አሉኝ። ፕላን የሚያወጣው መሐንዲስ ይህን የሚጽፍበት ቦታ ካርታው ላይ የለውም። ሊኖረው ይገባል። ሰፈር ሲነሣ እድሩን እንደ አንድ አካል ጠርቶ፣ አባላቱን በአንድ ሕንፃ፣ ካልሆነም በተጎራበቱ ሕንፃዎች ማስፈር ምን ያህል ያስቸግራል? የአባላት መዝገብ እንደሆን አላቸው፤ ከወረዳው መዝገብ ይልቅ የተጣራ ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር አለ፤ ስልካችሁ ላይ ፈልጋችሁ «መምህሩ ደበቁን» እንዳትሉኝ። ስክሩተን ስለ ማጨስ ነፃነት ሲጽፍ ከአንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ በወር 4,500 ፓውንድ ይከፈለው ነበር፤ ለአንባቢ ግን አልተናገረም። 1,000 እንዲጨመርለት የተጻፈው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ወጣ። የጋዜጣ ዓምዱንም አጣበት። ይገባዋል! ስለ መታመን ሲያስተምር የኖረ ሰው ነውና ከሌላው ይልቅ በእርሱ ይከብዳል። ስለ ቤትና ስለ ጭፈራ ያለውን ግን ትምባሆው አያጠፋውም። ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። እዚህ ፊት ረድፍ ላይ «መሬት ላራሹ» ብሎ በ1957 ዓ.ም. ሰልፍ የወጣ ታላቅ ወንድማችን ተቀምጧል፤ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ራሱን ሲነቀንቅ አይቼዋለሁ። ድምፅ ማጉያውን ለእርሱ ስጡልኝ።